ሦስት ግራም የምትመዝን ወፍ በማን እጅ ትጠበቃለች?



የዛሬው ዲስኩሬ ሃሚንግበርድ ስለምትባለው ወፍ ጥበቃ ነው። ብዙዎቻችን በፊልምና በሥዕል እናውቃት ይሆናል እንጂ በአገራችን የለችም። በደጋው አበባ ላይ ተንጠልጥለው ወለላ የሚቀስሙት፣ ፀሐይ ሲያርፍባቸው የሚያብረቀርቁት የእኛዎቹ ወፎች፣ ስሟን ከተከዜ ወንዝ የወሰደችውንም ጨምሮ፣ የሌላ ቤተሰብ ናቸው። መልካቸውን ያመሳሰለው አኗኗራቸው ነው፤ ዝምድና የላቸውም። ሃሚንግበርድ ዛሬ የምትኖረው በአሜሪካ ምድር ብቻ ሲሆን፣ ከአላስካ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ወደ 360 የሚሆኑ ዝርያዎች አሏት። 30 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ አጽሟ ጀርመን ውስጥ መገኘቱ በ2004 ይፋ ሲሆን፣ በአንድ ወቅት በአውሮፓም ትኖር እንደነበር ታውቋል። እዚያ የጠፋችበትን ምክንያት የሚነግረን የለም። ዛሬ ባለችበት አህጉር ግን ምን እያጠፋት እንደሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህ ዝም ለማለት ሰበብ የለንም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዱር ሕይወት ጥበቃ በተነሳ ቁጥር ሦስት ሥራዎች ይዘረዘራሉ፦ ክትትል፣ መኖሪያን መልሶ ማልማትና ኅብረተሰቡን ማሳተፍ። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ተለያይተው በጀት ይያዝላቸዋል። ክትትሉ ለተመራማሪው፣ ተከላው ለፕሮጀክቱ ይሰጣል፤ ተሳትፎ የሚባለው ደግሞ መጨረሻ ላይ ሰው ተሰብስቦ እንዲያጨበጭብ ይተዋል። የእኔ ክርክር ይህ አከፋፈል ከሥሩ የተሳሳተ ነው የሚል ነው። በቦታው የሚኖረው ሰው የቆጠራውም የተከላውም ባለቤት ካልሆነ፣ ቆጠራው ይቋረጣል፤ የተነቀለው አረም ተመልሶ ይበቅላል። ይህን በጥሩ ቃል ሳይሆን በማስረጃ ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል በምትኖረው፣ የዝገት መልክ ባላት ሩፈስ ሃሚንግበርድ ልጀምር። ክብደቷ ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው። ክረምቱን ሜክሲኮ ታሳልፍና ለመራባት እስከ አላስካ ድረስ ትበራለች። ይህችን ወፍ በግቢው የስኳር ውሃ ሰቅሎ የሚጠብቅ ሰው እየቀነሰች ነው ቢሉት አያምንም። ጠዋት በመስኮቱ ሲመለከት አምስትና ስድስት ሆነው ሲባረሩ ያያልና። ግን በአንድ ዕቃ ዙሪያ የተሰበሰቡት ከሰፊ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ በጫካው ውስጥ ያሉት ግማሽ ቢሆኑም እሱ ዘንድ የሚመጡት ላይጎድሉ ይችላሉ። ዓይን የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ያወጣው በ1966 የተጀመረው የሰሜን አሜሪካ የመራቢያ ወቅት የወፎች ቆጠራ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጥንካሬውም ከቀላልነቱ ይመነጫል። ቆጣሪው ገና ጎህ ሳይቀድ በተወሰነለት መንገድ ይነሳል፤ 50 ቦታ ላይ ይቆማል፤ በየቦታው ለ3 ደቂቃ ያየውንና የሰማውን ወፍ ሁሉ ይመዘግባል። በዓመቱ በዚያው ወቅት በዚያው መንገድ ይመለሳል። አብዛኞቹ ቆጣሪዎች ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መዝገባቸው ሲደማመር የታየው ሩፈስ ሃሚንግበርድ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ መቀነሷ ነው። በ2018 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለአደጋ ከተቃረቡት ተርታ አስቀመጣት። ይህን ሁሉ አንድ ተመራማሪ፣ የቱንም ያህል ቢተጋ፣ ብቻውን ሊደርስበት አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ ከሳይንሱ ሰፈር የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ ክብደት የሚሰጠውም ነው። ያልሠለጠነ ሰው ይሳሳታል፤ አንዷን ዝርያ ከሌላዋ ያምታታል፤ ጆሮው ሲያረጅ ቀጭኑን ድምፅ አይሰማም ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቆጠራ ከምንም በላይ የሚፈልገው ለውጡን ነው፤ በአንድ ቀን ስንት ወፍ እንዳለ በትክክል ይነግረናል ያለ የለም። ስህተቱ ከዓመት ዓመት ተመሳሳይ እስከሆነ ድረስ መውረድና መውጣቱን አይደብቅም፤ በቆጣሪዎች መካከል ያለውን ልዩነትም የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በስሌት ያርሙታል። ለባለሙያ የሚተው ሥራም አለ። ሃሚንግበርድን ይዞ ቀለበት ማሰር በአሜሪካ ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ባለሙያዋ ከስስ የአሉሚንየም ቅጠል ቁጥር የተጻፈበትን ቁራጭ ቆርጣ፣ ጠርዙን አለስልሳ፣ ከክብሪት እንጨት በቀጠነች እግር ላይ ታጥፋለች። ከዚያ በቀጭን ቱቦ የደረቷን ላባ እፍ ብላ ትገልጣለች፤ ቆዳዋ ስስ ስለሆነ ለጉዞ የተጠራቀመው ስብ ከሥሩ ብጫ ሆኖ ይታያል። ምንቃሯን በአጉሊ መነጽር ስታይ ደቃቅ ጭረቶች ካሉበት ወፏ ገና ወጣት ናት ማለት ነው። በመጨረሻ የስኳር ውሃ አቅምሳ መዳፏን ትዘረጋለች፤ ወፏ ለአፍታ ደንግጣ ትቆይና ትበራለች። ከእንዲህ ዓይነት ቀለበት ነው በጥር 2010 ፍሎሪዳ ላይ የተያዘች ሩፈስ በዚያው ዓመት ሰኔ አላስካ ላይ መያዟ የታወቀው፤ በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳ ከ5,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ የዚህች ወፍ መኖሪያ የቱ ነው ቢባል፣ መልሱ በመንገዷ ሁሉ ያለ አበባ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ቆጠራ ብቻውን ሞትን መመዝገብ አይደለም ወይ? ነው፤ ወደ ሥራ ካልተለወጠ በቀር። ይህን ለማየት ከቺሊ የባሕር ዳርቻ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ሮቢንሰን ክሩሶ ደሴት እንሂድ። ስሟን ያገኘችው እዚያ ከ1704 እስከ 1709 ብቻውን ከኖረው መርከበኛ ከአሌክሳንደር ሰልከርክ ታሪክ የተነሳ ነው። በዓለም ላይ ከዚህች ደሴት በቀር የማትገኝ የሁዋን ፈርናንዴዝ ሃሚንግበርድ የምትባል ወፍ አለች። ወንዱ እንደ ቀረፋ ቀይ ነው፤ ሴቷ ከላይ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ከታች ነጭ ሆና ነጠብጣብ አላት። ሁለቱ እጅግ ከመለያየታቸው የተነሳ ቀደምት ተመራማሪዎች የተለያዩ ዝርያዎች አድርገው ቆጥረዋቸው ነበር። ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ጎረቤት ደሴት ላይ የቅርብ ዘመዳቸው ይኖር ነበር፤ ከ1908 ወዲህ ያየው የለም። የቀረችው ይህችኛዋ ናት፤ እሷም በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመድባለች።

ሕግ አልጎደለባትም። ደሴቲቱ ከ1935 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከ1977 ጀምሮም በዩኔስኮ የተመዘገበች የብዝኃ ሕይወት ክልል ናት። ሕግ ይበቃል ለሚሉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ሰው ያመጣቸው ፍየል፣ ጥንቸል፣ አይጥና ድመት፣ ኮአቲ የሚባለው አፍንጫ ረጅም አውሬም ጭምር፣ የፓርኩን ወሰን አያውቁትም። ከሁሉም ይልቅ ጫካውን እያፈነ ያለው የአገራችን እንጆሪ ዘመድ የሆነ እሾሃማ ጥቁር እንጆሪ ነው። አካሄዱን ልብ በሉ። ሉማ የተባለው የደሴቲቱ አገር በቀል ዛፍ አርጅቶ ሲወድቅ፣ በጫካው ጣሪያ ላይ ቀዳዳ ይከፈትና ብርሃን መሬት ይደርሳል። በጥንቱ ሥርዓት ያንን ብርሃን የሚወስደው የሉማው ችግኝ ነበር። አሁን ግን ወፎች በኩሳቸው የበተኑት የእንጆሪ ዘር ቀድሞ ይደርሳል፤ ሐረጉ ቦታውን ይሸፍነዋል፤ ችግኙ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ሃሚንግበርዷ ደግሞ ጎጆዋን የምትሠራው በዚህ አገር በቀል ጫካ ውስጥ ነው። የወደቀውን የሚተካ ዛፍ ከሌለ ጎጆ የሚሠራበት ቅርንጫፍ በየዓመቱ ይቀንሳል።

አንድ አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል። ወፏ መንደሩ ውስጥ የተተከለውን ባሕር ዛፍ አበባ ትቀስማለች፤ መጤው ተክል ከመገባት ታዲያ ለምን እንደክማለን? መቅሰሟ ትክክል ነው፤ በተለይ ጫካው አበባ በሚያጣበት ወቅት። ግን ወለላ ጎጆ አይሆንም። የሃሚንግበርድ ገላ ትንሽ ስለሆነና ክንፏ በሰከንድ በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ስለሚርገበገብ፣ ከንጋት እስከ ምሽት መመገብ አለባት፤ አበባ ወዳለበት ትሄዳለች፤ ምርጫ የላትም። ወደ መንደር ስትወርድ ደግሞ ከአበባው ሥር ድመት ይጠብቃታል። መጤው አበባ ለዛሬ ያኖራታል፤ ለትውልድ የሚያስፈልጋት ግን ጫካው ነው።

ጫካውን መመለስ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ለጣና ሐይቅ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እንቦጭን በእጁ የነቀለ ገበሬ፣ ዛሬ ያጸዳው ዳርቻ ተመልሶ ሲሸፈን ያየ፣ አረም በአንድ ዘመቻ እንደማይሸነፍ ያውቃል። በሮቢንሰን ክሩሶም እንዲሁ ነው። ኤል ዩንኬ በተባለው ተራራ ግርጌ ባለው ጫካ እንጆሪው ይቆረጣል፤ ሥሩ እንዳያቆጠቁጥ ይታከማል፤ ከዚያ ወደዚያው ቦታ ደጋግሞ መመለስ ግድ ነው። ችግኙ መያዙን፣ ወፏ ጎጆ መሥራቷን ማየት የሚቻለው በመመለስ ነው። ክትትልና ተከላ የማይነጣጠሉትም ለዚህ ነው፤ የሚነቅለው ሰው ራሱ ቆጣሪ ካልሆነ ድካሙ ፍሬ ማፍራቱን አያውቅም። ፕሮጀክት ለሦስት ዓመት ይመጣል፤ እንጆሪ ግን የፕሮጀክት ዘመን አያውቅም። በየዓመቱ የሚመለሰው እዚያ የሚኖረው ሰው ብቻ ነው።

በደሴቲቱ ላይ የሚኖረው ሰው አንድ ሺህ ገደማ ነው፤ የሚተዳደረው በባሕር ሎብስተር ማጥመድ ነው። የካቲት 2010 የደረሰው ሱናሚ ሳን ሁዋን ባውቲስታ የተባለችውን የብቸኛ መንደራቸውን የታችኛውን ክፍል ጠርጎ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ስለ ወፍ እንዲጨነቅ መጠየቅ ግፍ አይሆንም? ጥያቄው የሚነሳው ከርኅራኄ ስለሆነ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። በእኔ እምነት ግፍ የሚሆነው ትእዛዙ ከውጭ ሲመጣ ነው። እነዚህ አጥማጆች ማርካ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ በባሕሩ ላይ ወጥመዱን የሚጥልበት የታወቀ ቦታ አለው፤ ቦታውን የሚለየው በየብስ ላይ ያሉ ምልክቶችን ከጀልባው እያስተያየ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅም ይተላለፋል። ያለ አጥርና ያለ ዘበኛ ባሕሩን ተከባብሮ ሲጠቀም የኖረ ሕዝብ፣ መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ ከማንም መማር አያስፈልገውም። የቤት ድመትን ማምከን የመሰለ ሥራ እንዲሠራ የሚያደርገው ይህ ልማድ ነው። የሰው ድመት በአዋጅ አይያዝም፤ ባለቤቱ ይዞ ካልመጣ በቀር።

ከፔሩም አንድ ነገር ልጨምር። በሰሜን ፔሩ በአማዞናስ ክልል ድንቅ ሃሚንግበርድ የምትባል ወፍ ትኖራለች። የወንዱ ጅራት አራት ላባ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ረዝመው ጫፋቸው ላይ ሐምራዊና ሰማያዊ ክብ ይዘዋል። ልቡ ደርቆ ሲበላ የወሲብ ኃይል ይሰጣል በሚል እምነት ወንዱ ይታደን ነበር። በፖማኮቻስ የሚኖረው የገበሬ ማኅበረሰብ በ2000ዎቹ አጋማሽ ከአንድ የፔሩ የጥበቃ ድርጅት ጋር ውል ገባ። መሬቱ ከእጁ አልወጣም፤ አይሸጥም፣ አይነጠቅም። የተገደበው አጠቃቀሙ ነው፤ በምትኩ አገር በቀል ችግኝ ይተከላል፤ ወፏን ለማየት ከሚመጣው ጎብኚ ገቢ ይገኛል። ጥበቃ ድሃውን ያፈናቅላል የሚለው ስጋት በብዙ አገር እውነት ሆኖ ታይቷል፤ ልክደው አልችልም። ነገር ግን መፈናቀልን የሚያመጣው ጥበቃው ሳይሆን የመሬቱ ባለቤትነት የሚወሰድበት መንገድ መሆኑን ሁዌምቦ የሚባለው ይህ የገበሬዎቹ መሬት ያሳያል።

በአሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቼ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በሲያትል፣ በሎስ አንጀለስ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ባለ በረንዳ ላይ ሃሚንግበርድ ትመጣለች። የስኳር ውሃ ከሰቀላችሁ 1 እጅ ነጭ ስኳር ለ4 እጅ ውሃ ነው፤ ማር አይጨመር፣ ቶሎ ይቦካል፤ ቀይ ቀለምም አያስፈልገውም። በሙቀት ወራት ዕቃው በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ካልታጠበ ሻጋታው ይጎዳታል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የአካባቢውን አገር በቀል አበባ መትከልና ያያችሁትን ቀን ከነቦታው መመዝገብ ነው። ከ2002 ጀምሮ በሚሠራው፣ ኢበርድ በተባለው የኢንተርኔት የወፎች መዝገብ ላይ ማንም ሰው ይህን ማድረግ ይችላል፤ ከአንድ በረንዳ የተላከ መዝገብ ከብዙ ሺህ ጋር ተደምሮ ወፏ መቼ እንደምታልፍ ያሳያል።

በሳን ሁዋን ባውቲስታ ግቢዎች ውስጥ ዛሬ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሰፋ፣ ብርቱካናማ አበባው ቁልቁል የሚንጠለጠል ዛፍ ይታያል። በዱር ሊያልቅ ተቃርቦ የነበረ የእነዚህ ደሴቶች ብርቅዬ ተክል ነው፤ ሰዎች በደጃቸው ተክለው አቆይተውታል። ሲያብብ ቀዩ ወንድ ከአበባው ላይ ሌሎችን ያባርራል፤ ሰማያዊቷ ሴት ዞር ብላ ትጠብቅና ትመለሳለች። ጎጆዋ ግን ከመንደሩ በላይ፣ እንጆሪው ባልደረሰበት ሉማ ላይ ነው።