የጅምላ ደብዳቤና የዘቡ ጥያቄ



«ሜሊሳ» እ.ኤ.አ. በ1999፣ «አይ ላቭ ዩ» በ2000 ከአውትሉክ የአድራሻ መዝገብ ስም እየለቀሙ፣ በባለቤቱ ስም ለወዳጆቹ ራሳቸውን ላኩ። ማይክሮሶፍትም በዚያው በ2000 ዘብ አቆመ፤ ሌላ ፕሮግራም በአውትሉክ በኩል ደብዳቤ ሊልክ ሲል ፈቃድ ይጠየቃል፤ «አዎን» የሚለውም ቁልፍ 5 ሰከንድ ያህል ይታገዳል። ለ600 ሠራተኞች የደመወዝ መግለጫ ለሚልክ መሥሪያ ቤት ይህ ብቻ 50 ደቂቃ ነው፤ ያውም ላኪው ከወንበሩ ሳይነሣ!

አንዳንዶች ቁልፉን በሰው ፈንታ የሚጫን ፕሮግራም ይተክላሉ። ዘቡን አስተኝቶ በሩን መክፈት ነው፤ ቫይረሱም በዚያው ይገባል። ከአውትሉክ 2007 ወዲህ የጸረ ቫይረሱ ፕሮግራም የታደሰ እንደ ሆነ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ስለማይመጣ፣ በቅድሚያ የሚመረመረው እርሱ ነው። የጅምላው ሥራ ግን ከጸሐፊው ጠረጴዛ ተነሥቶ፣ በራሱ መለያና በተወሰነ ሥልጣን፣ በቀጥታ በደብዳቤ ሰርቨሩ በኩል ቢላክ ይመረጣል፤ ምን፣ መቼ፣ ለማን እንደ ተላከም በሰርቨሩ መዝገብ ይገኛል።