ጽሞናና የመንግሥት ሠራተኛ



ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለችው ቡሬ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቡና ጭነው ወደ ባሮ ወንዝ የሚወርዱ ነጋድያን የሚያልፉባት ከተማ ነበረች። መንገደኛ ከጭነቱ ሥር የሚያርፈው ጉዞውን ጠልቶ ሳይሆን ለቀረው መንገድ ብርታት እንዲያገኝ ነው። የገዳማውያን ጽሞናም እንደዚሁ ነው።

«ከዓለም የሸሸ መነኩሴ ለሰው ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የዋልድባ መነኮሳት እህል ትተው ቋርፍ እየተመገቡ የሚጸልዩት ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለአገርና ለሕዝብ ጭምር ነው። በነቢዩ ኤልያስ ተራራ በቀርሜሎስ ስም የሚጠሩ የካቶሊክ ደናግልም፥ ቅድስት ተሬዛ ዘአቪላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1562 ጀምራ ባደሰችው ሥርዓት፥ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል በዝምታ ይጸልያሉ፤ ከዚያም ወደ እጅ ሥራቸው ይመለሳሉ።

እኛ ወደ ገዳም እንግባ አላልሁም። መዝገብ ከመግለጣችን በፊት ግን ጥቂት ደቂቃ ዝም ብለን ኅሊናችንን እንመርምር። የራሱን ልብ ያላደመጠ ሰው ከሩቅ መጥቶ በደጁ የቆመውን ባለጉዳይ እንዴት ያደምጣል? የጽሞናችን ፍሬ የሚታወቀው ከቢሯችን የወጣው ድኻ ፍትሕ አግኝቶ፥ ፊቱም በርቶ ሲሄድ ነው።