ፐርሰንቱ ያልተጻፈበት ቅባት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በሒሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



ሒሳብ ሠራተኛን ስለ ፊት ቅባት ምን አገባት እንደምትሉ አውቃለሁ። ያገባኛል። ከብድር ማመልከቻዎቻችን መካከል ቅባት ለመነገድ የቀረቡ አሉ፤ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ምን እንደሚገዛበት መጠየቅ ሥራዬ ነው። ከዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ «አሲድ» የሚል ቃል ሲነበብ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ደነገጣችሁ።

አሲድ ሲባል የባትሪ ውሃ ትዝ ይለናል፤ ፊታቸው ላይ የተደፋባቸው እህቶችም ትዝ ይሉናል። መደንገጣችሁ ተገቢ ነው። ግን እርጎም አሲድ አለው። ሼለ የተባለ የስዊድን ኬሚስት በ1780 እ.ኤ.አ. ከኮመጠጠ ወተት ለይቶ ያወጣው ላክቲክ አሲድ ዛሬ ቅባት ውስጥ ይገባል። ሥራው የሞተውን የላይኛውን ቆዳ ያያያዘውን ማላላት ነው፤ ቆዳው ሳይፈገፈግ ይረግፋል። ግላይኮሊክ የሚባለው ቅንጣቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ጠልቆ ይገባል፣ ቶሎም ያቃጥላል። ላክቲክ ከእሱ ይተልቃል፤ ማንዴሊክ ከሁለቱም ይተልቃልና ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ቆዳዋ ቶሎ ለሚቆጣ ሴት ቀስ የሚለው ይሻላታል። በተለይ የእኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ስለሚተው፣ መቸኮል ትርፉ ሌላ ማድያት መሳይ ነገር ነው።

«ታዲያ ሎሚ አንቀባም?» የምትል አትጠፋም። ሎሚ ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው፤ የቆዳችን 5 አካባቢ። ቁጥሩ በ1 ሲቀንስ ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። ሎሚ ከቆዳችን 1000 እጥፍ ይኮመጥጣል ማለት ነው። (ይህን ሒሳብ ስለምወደው ቡና ላይም ተናግሬዋለሁ፤ ይቅርታ።) በዚያ ላይ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠል ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ የኮስሞቲክስ ግብዓቶችን የሚገመግሙ ባለሙያዎች እንደ ላክቲክና ግላይኮሊክ ላሉት ያስቀመጡት ወሰን አለ፦ ከ10 ከመቶ ያልበለጠ፣ ፒኤቹ ከ3.5 ያላነሰ። ለጀማሪ 5 ከመቶ ይበቃል። መጀመሪያ ክንድ ላይ ሞክሩት፤ ከዚያ በሳምንት አንድ ማታ ብቻ። ካቃጠለ ታጠቡትና ተዉት።

ዋናው ጉዳይ ፀሐይ ነው። እነዚህ አሲዶች ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣሉ፤ ካቆማችሁ በኋላም አንድ ሳምንት ያህል መጠንቀቅ አለባችሁ። ጂንካ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ቅዳሜ ገበያ የምትውል ሴት ያለ ሻሽና ጃንጥላ ባትጀምረው ይሻላታል። የሐመር እህቶቻችን ከቅቤ ጋር የሚቀቡት ቀይ አፈር ቀለሙ የብረት ኦክሳይድ ነው። ይኸው ነገር ዛሬ በውድ ዋጋ በሚሸጡ ባለቀለም የፀሐይ መከላከያዎች ውስጥ ይገባል።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ስሙና መጠኑ የተጻፈበት አሲድ አይደለም። በትንሽ ብልቃጥ ተቀላቅሎ «በሳምንት ያቀላል» የሚባለው ነው። እንዲህ ባሉ ቅባቶች ውስጥ በብዙ አገሮች ሜርኩሪና እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ ተገኝቷል። ስቴሮይዱ መጀመሪያ ፊትን ያጠራል፤ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ ሲቆም ፊት ይቆጣል። ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል፣ ወደ ፅንስም ያልፋል። እሱን መቀባት የጀመረች ካለች፣ ሳታፍር ብልቃጡን ይዛ ወደ ጤና ባለሙያ ትሂድ።

ስለዚህ ለብድር ኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ውስጡ ያለው ዝርዝርና የአሲዱ መጠን ላልተጻፈበት ቅባት ብድር አይሰጥ። ትርፉ እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ ብልቃጡ ብዙ ያተርፋል። ልጆቿን በዚህ ንግድ የምታስተምር አባል ስላለችን ነገሩ ቀላል አይደለም። በእጇ ያለውን እስክትተካ ድረስ የመክፈያ ጊዜዋ በ3 ወር እንዲራዘም አብሬ ጠይቄአለሁ። እንግዶቻችንም ልትረዱን ካሰባችሁ፣ ለዚህ መሸጋገሪያ የሚሆን ገንዘብ ቢገኝ ከማንኛውም ስጦታ ይልቅ ይጠቅመናል። ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው፤ ቅባት የምትሸጡ ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑና ጽሑፉን አብረን እናንብበው።