የተመረጡት በር ላይ ቀሩ፤ ያልተመረጡት ገቡ

(ይህ ጽሑፍ ስለ ምርጫ በተካሄደ አንድ የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)



አዘጋጆቹ «ስለ ምርጫ ተናገር» ሲሉኝ የትኛውን ምርጫ እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም ዕድሉን ተጠቅሜ ሩቅ አገር ሄድኩ። ሩቅ ስል ጨርሶ ባዕድ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን በስደት የኖሩባትን የእንግሊዟን ባዝ ከተማ የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። ከባዝ ትንሽ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ብሪስቶል የምትባል የወደብ ከተማ አለች። በዚች ከተማ ከ1950 እስከ 1983 ድረስ «ብሪስቶል ደቡብ ምስራቅ» የሚባል የምርጫ ክልል ነበረ። ዛሬ የለም፤ ካርታው ሲከለስ ተሰርዟል።

አንድ ተወካይ ብቻ ወደ ፓርላማ የሚልክ፣ 33 ዓመት የኖረ ክልል ነው። ታዲያ ምኑ ይወራል? የሚወራው፣ ሕዝብ የመረጠው ሰው በር ላይ ተከልክሎ ሕዝብ ያልመረጠው ሰው ወንበሩ ላይ የተቀመጠበት ዘመን ስላለ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። እኔ የማወራው ስለ እንግሊዝ ነው።

ሠፈሩ የሠራተኛ ሠፈር ነው፤ ለሌበር ፓርቲ ያደላል። ከ1950 በፊት አብዛኛው ክፍሉ ብሪስቶል ምስራቅ በሚባለው ክልል ውስጥ ነበር። ተወካዩም ከ1931 ጀምሮ ሰር ስታፎርድ ክሪፕስ ነበሩ። እኚህን ሰው በ1939 የገዛ ፓርቲያቸው አባሯቸዋል። እሳቸው ግን ወንበራቸውን እንደያዙ ቆይተው በ1945 ወደ ፓርቲው ተመለሱ፤ ኋላም የገንዘብ ሚኒስትር ለመሆን በቁ። በ1950 ታመው ለቀቁ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 30 ቀን በተደረገ የማሟያ ምርጫ አንድ የ25 ዓመት ወጣት ተተካ። አንቶኒ ዌጅውድ ቤን ይባላል። በኋላ ዓለም ቶኒ ቤን ብሎ ያወቃቸው ናቸው።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ። የቤን አባት ራሳቸው የታወቁ ፖለቲከኛ ነበሩ። በ1942 በጦርነቱ መካከል የቫይካውንት ማዕረግ ተሰጣቸውና ሎርድ ስታንስጌት ተብለው የሎርዶች ምክር ቤት ገቡ። ማዕረጉ ከአባት ወደ ታላቅ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ታላቁ ልጅ ማይክል ግን በ1944 በአየር ኃይል ግዳጅ ላይ ሞተ። ውርሱ ወደ ታናሹ ዞረ። በእኛ አገር የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል። እዚያ ደግሞ የአባት ማዕረግ ራሱ ዕዳ ሆነ። በሕጉ መሠረት ሎርድ የሆነ ሰው፣ ሕዝብ በሚመርጠው በታችኛው ምክር ቤት፣ በኮመንስ፣ መቀመጥ አይችልም ነበራ! አልፈልግም ማለትም አይቻልም ነበር። ማዕረጉ ከደም ጋር የተቆራኘ ነው ባዮች ናቸው። ካባ ቢሆን አውልቀህ ትጥለዋለህ፤ ደምን ምን ታደርገዋለህ?

ቤን መጪውን ስላወቁ አባታቸው በሕይወት እያሉ በ1955 ማዕረጉን አስቀድሞ ለመተው የሚያስችል ሕግ እንዲወጣላቸው ሞክረው ነበር። አልተሳካም። ኖቬምበር 17 ቀን 1960 አባትየው አረፉ። ልጅየውም ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ ወደዱም ጠሉም፣ ሎርድ ስታንስጌት ሆኑ። አባት የሞተበት ሰው ለቅሶ ይቀመጣል፤ እሳቸው ግን ከአባታቸው ጋር ሥራቸውንም አጡ። የምክር ቤቱ የመብት ኮሚቴ ጉዳዩን አይቶ ማዕረጉ አይለቅም አለ። ምክር ቤቱ ቀርበው ስለ ራሳቸው እንዲናገሩ እንኳ አልፈቀደላቸውም። ወንበሩ ባዶ ነው ተባለና የማሟያ ምርጫ ተጠራ።

እዚህ ላይ የብሪስቶል ሰዎች ያደረጉትን ልብ በሉ። የአካባቢው ሌበር ፓርቲ ሌላ ዕጩ መፈለግ ይችል ነበር። ሠፈሩ የሌበር ነው፤ ማንንም ቢያቆሙ ያሸንፋሉ። እነሱ ግን እዚያው የተከለከሉትን ሰው መልሰው አቆሙ። የምርጫ አስፈጻሚውም የዕጩነት ወረቀቱ በደንቡ ተሞልቶ እስከ ቀረበ ድረስ የመከልከል ሥልጣን አልነበረውምና ተቀበለ። ሰውየው ለመግባት ያልተፈቀደላቸው፣ ለመወዳደር ግን ያልተከለከሉ ሆኑ። ዊንስተን ቸርችል፣ የተቃራኒው ፓርቲ ትልቅ ሰው፣ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉላቸው። የወግ አጥባቂው ፓርቲ ዕጩ ደግሞ ማልኮልም ሴንት ክሌር ነበሩ። በእሳቸው ወገን ለመራጩ የተነገረው ማስጠንቀቂያ አንድ ነው፦ ለቤን የምትሰጡት ድምፅ ባዶ ነው፤ ሜዳ ላይ እንደ መጣል ነው።

ሜይ 4 ቀን 1961 ተመረጠ። ቤን 23,275 ድምፅ፣ ሴንት ክሌር 10,231 ድምፅ። ከመቶ ወደ 70 የሚጠጋው ቤንን መረጠ። እንደ ማሟያ ምርጫ ልማድ የወጣው ሰው ቁጥር ካለፈው ያነሰ ነበር፤ ልዩነቱ ግን ከ1959ኙ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ድምፅህ አይቆጠርም እየተባለ ሄዶ ተሰልፎ የመረጠ ሕዝብ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚደንቀኝ ቤን አይደሉም፤ ቤን ፖለቲከኛ ናቸው፣ ሥራቸው ነው። የሚደንቀኝ ከሥራ ደክሞ የገባው፣ ካፖርቱን መልሶ ለብሶ «ባዶ ነው» የተባለውን ወረቀት ሳጥን ውስጥ ሊከት የወጣው ሰው ነው። ምን ብሎ ይሆን የወጣው? ምናልባት «ባዶ መሆኑን እናንተ ንገሩኝ እንጂ እኔ አላምንም» ብሎ።

በአራተኛው ቀን፣ ሜይ 8፣ ቤን ወደ ፓርላማው ሄዱ። በረኛው አላስገባም አለ፤ ከአፈ ጉባኤው የተሰጠ ትእዛዝ ነበርና። 23 ሺህ ሰው ግባ ያለውን አንድ በረኛ መለሰው። ነገሩ ወደ ችሎት ሄደ። ሴንት ክሌር አቤት አሉ። ቤን በዳኞች ፊት ቆመው ራሳቸውን ተከራከሩ። በጁላይ 1961 የምርጫ ጉዳይ የሚያዩት ሁለት ዳኞች ፈረዱ። መራጩ ዕጩው የማይገባ መሆኑን እያወቀ ስለመረጠ ድምፁ የተጣለ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ የተመረጠው ሁለተኛ የወጣው ነው አሉ። 10,231 ሰው ከ23,275 በለጠ ማለት ነው። ሒሳቡ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሕግ ነው።

ዳኞቹን መስደብ ቀላል ነው። እኔ ግን አልሰድባቸውም። ሕጉን እነሱ አላወጡትም፤ የተጻፈውን አነበቡ። ደግሞም በብሪስቶል ኮሮጆ አልተገለበጠም፣ ታዛቢ አልተባረረም፣ ቆጣሪው አላጭበረበረም። ሁሉ ነገር ንጹሕ ነበር። የሚያስፈራው ይኸው ነው። አንድም ሰው ሳይሰርቅ የሕዝብ ድምፅ ሊጠፋ ይችላል። ወረቀቱ ተቆጥሮ፣ ውጤቱ ተነግሮ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይገባል የሚለውን ሌላ ሰው ሌላ ክፍል ውስጥ ይወስናል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ወንበሩን የወሰዱት ሴንት ክሌር ራሳቸው የሌላ ሎርድ ወራሽ ነበሩ። ዘመዳቸው ሎርድ ሲንክሌር ልጅ ሳይወልዱ ቢሞቱ ማዕረጉ የሚደርሰው ለእሳቸው ነው። ያኔ እሳቸውም በዚያው በር ይወጡ ነበር። ሆኖም ለሰውየው ፍርድ ልስጥ። ሕጉ ተለውጦ ቤን ማዕረጉን መተው ከቻሉ ወንበሩን እለቃለሁ ብለው ቃል ገቡ። ይህን ቃል አስታውሱት፤ እመለስበታለሁ።

ብሪስቶል ላይ የሆነው ነገር መንግሥትን አሳፈረ። የወግ አጥባቂዎቹ መንግሥት ጉዳዩን ለሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ኮሚቴ መራው። ከብዙ መጓተት በኋላ በ1963 የማዕረግ ሕግ የሚባለው ወጣ። ወራሽ ሎርዶች ከፈለጉ ማዕረጋቸውን እስከ ዕድሜ ልካቸው መተው ይችላሉ አለ። ረቂቁ ሥራ ላይ የሚውለው ከሚቀጥለው ጠቅላላ ምርጫ ጀምሮ ነው ተብሎ ነበር። የሎርዶች ምክር ቤት ግን ወዲያውኑ ይጀምር ብሎ አሻሻለው። ጁላይ 31 ቀን 1963 ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሕጉ ጸደቀ። ቤን እዚያው ሆነው ይጠብቁ ነበርና ደቂቃዎች ሳያልፉ ፈርመው ማዕረጉን ጣሉ። የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

የዚህ ሕግ ትልቁ ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የቤን ተቃዋሚዎች! በዚያው ዓመት በኦክቶበር ጠቅላይ ሚኒስትር ማክሚላን ታመው ለቀቁ። ወግ አጥባቂዎቹ የተኩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸውን፣ 14ኛውን የሆም ኧርል ነው። እሳቸውም ሎርድ ናቸው። በቤን ሕግ ማዕረጋቸውን ጣሉ፤ ሰር አሌክ ዳግላስ ሆም ተባሉ። በኖቬምበር በስኮትላንድ የማሟያ ምርጫ ተወዳድረው ኮመንስ ገቡ። በመካከሉ ሁለት ሳምንት ያህል እንግሊዝ የየትኛውም ምክር ቤት አባል ባልሆነ ጠቅላይ ሚኒስትር ተመራች። የሌበሩ ሰው የታገለበት በር ተከፍቶ ቀድሞ በትልቁ የተጠቀመው የተቃራኒው ፓርቲ መሪ ሆነ። ይህን ሰምቶ «ታዲያ ምን ጠቀመው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ሕጉ ጥሩ መሆኑን የማውቀው በዚሁ ነው። ለአንድ ወገን ብቻ ተሰፍቶ ቢሆን ኖሮ ሌላው አይለብሰውም ነበር።

ወደ ሴንት ክሌር ቃል ልመለስ። በእንግሊዝ የፓርላማ አባል እንዲሁ «ለቅቄያለሁ» ብሎ አይወጣም። ለስሙ ያህል የዘውዱን ሹመት ይቀበልና በዚያ ሰበብ ወንበሩ ክፍት ይሆናል። ሴንት ክሌርም ወዲያው ይህንኑ አደረጉ። ሁለት ዓመት የተቀመጡበትን ወንበር፣ ፍርድ ቤት የፈረደላቸውን ወንበር፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ለቀቁ። ፓርቲያቸውም ዕጩ አላቆመም። ኦገስት 20 ቀን 1963 ቤን በሰፊ ድምፅ ተመልሰው ገቡ። በዚያው ሰሞን በብሪስቶል ጥቁሮችን በሹፌርነትና በትኬት ቆራጭነት አንቀጥርም ያለውን የአውቶቡስ ድርጅት ሕዝቡ አልሳፈርም ብሎ አድሞ ነበር። ቤንም አድማውን ደግፈዋል። ምርጫው ባለፈ በስምንት ቀን ድርጅቱ ተሸንፎ ክልከላውን አነሳ። ያ ኦገስት ለከተማዋ ጥሩ ወር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ላሳልፈው። ቤን ከ1964 ጀምሮ በሌበር መንግሥታት የፖስታ፣ የቴክኖሎጂ፣ የኢንዱስትሪና የኃይል ሚኒስትር ሆኑ። በፓርቲው ውስጥ ወደ ግራ እየሄዱ ብዙ ወዳጅም ብዙ ጠላትም አፈሩ፤ በብሪስቶልም የድምፅ ልዩነታቸው እየጠበበ መጣ። በ1983 የምርጫ ካርታው ሲከለስ ብሪስቶል ደቡብ ምስራቅ ተሰረዘ። ቤን በብሪስቶል ደቡብ ለመወዳደር ፈልገው በገዛ ፓርቲያቸው ሰው ተቀደሙ። ብሪስቶልን ጥለው አልሄዱም፤ ለሌበር ይበልጥ አስጊ በሆነው በብሪስቶል ምስራቅ ቆሙ። ጁን 9 ቀን 1983 ከ2 ሺህ ባነሰ ድምፅ በወግ አጥባቂው ዕጩ ተሸነፉ። ያን ጊዜ በረኛ አልተላከባቸውም፤ ችሎትም አልተቀመጠም። መራጩ በቃዎት አላቸው፣ እሳቸውም ወጡ። በማርች 1984 ቼስተርፊልድ የሚባል ሌላ ክልል መርጧቸው ተመለሱ። እስከ 2001 ድረስ በፓርላማ ቆይተው በ2014 አረፉ።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል መሰለኝ። ስለ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጥያቄ ያለው ካለ እዚሁ ነኝ።