ብስክሌተኛው ካለፈ በኋላ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ብስክሌት የሠራተኛ መመላለሻ፣ የወጣት መጫወቻና የስፖርተኛ መወዳደሪያ ሆኖ ሲያገለግል ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ከሃያኛው ምዕት ዓመት ማገባደጃ ወዲህ ግን አንድ ሌላ ተግባር ተጨምሮለታል፤ ይኸውም የበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰቢያ መሆኑ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን ረጅምና አድካሚ መንገድ በብስክሌት ለመጓዝ ይነሣል፤ ወዳጅ ዘመዱና የሥራ ባልደረባው ደግሞ ድካሙን አይቶ ለአንድ የሕክምና ተቋም ወይም ለሕፃናት መርጃ ድርጅት ገንዘብ ይሰጣል። የዚህ ንግግር ዓላማ ልማዱን ማወደስ ወይም ማንቋሸሽ አይደለም። እንዲህ ያለው ጉዞ ራቅ ባለ የገጠር አገር ሲያልፍ ጥቅሙ በምን መመዘን እንዳለበት ለማመልከት ነው።

የጉዞዎቹ ዓይነት ልዩ ልዩ ነው። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ቢሊ ስታር የተባለ ሰው እናቱን በካንሰር ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980 36 ብስክሌተኞችን አስተባብሮ ግዛቱን አቋረጠ፤ ለዳና ፋርበር የካንሰር ተቋምም 10,200 ዶላር አስገኘ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ይህ ጉዞ በድምሩ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቧል። እንግሊዛዊው አላስቴር ሃምፍሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ብቻውን ከአገሩ ተነሥቶ በአራት ዓመት ውስጥ 60 አገሮችን፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያን፣ አቋርጦ 46,000 ማይል ወይም 74,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ በጉዞውም ችግረኛ ሕፃናትን ለሚረዳ አንድ ድርጅት ድጋፍ አስገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ቱር ዳፍሪክ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በአራት ወር ያስኬዳል። ይህ ተሳታፊው ዋጋ ከፍሎ የሚገባበት ጉዞ ቢሆንም፣ ከተጓዦቹ መካከል ለመረጡት በጎ ዓላማ ገንዘብ የሚያሰባስቡ አሉ።

የዚህ የመጨረሻው ጉዞ የቆየ መንገድ ከሱዳን በመተማ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ነበር። ብስክሌተኛው ከ700 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት ወደ ጎንደር ይወጣል። ከዚያ ባሕር ዳርንና ደብረ ማርቆስን አልፎ ደጀን ሲደርስ የዓባይ ሸለቆ ይጠብቀዋል። ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ደግሞ ያንኑ ያህል አቀበት አለ። በቁልቁለቱ ፍሬን ይግላል፤ በሸለቆው ውስጥ ሙቀቱ ውኃ ያስጠማል፤ በአቀበቱ ጉልበት ይከዳል። በኋለኞቹ ዓመታት የወረርሽኙ ጊዜና እ.ኤ.አ. በ2023 የተነሣው የሱዳን ጦርነት እንዲህ ያለውን ጉዞ ማሰናከላቸውም የሚታወቅ ነው።

ይሁንና እንግዳው ይህን አቀበት የሚወጣው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው። በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን የራሷን ዳገትና ቁልቁለት የምትመላለሰው ዓመቱን ሙሉ ነው። ኢትዮጵያ ይህን የጤና አገልግሎት በ1995 ዓ.ም. ስትጀምር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ አድርጋ ከ30,000 በላይ አሠልጥናለች። ሠራተኛዋ ከቤት ወደ ቤት የምትሄደው ክትባትን፣ የነፍሰ ጡሮችን ክትትልና ንጽሕናን ለማዳረስ ነው። በብዙ ሥፍራ መጓጓዣዋ እግሯ ነው። ምጥ የጠናባት እናት ካለችበት ጎጆ እስከ ጤና ጣቢያ ያለው ርቀትም የሚለካው በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። ስለዚህ የበጎ አድራጎት ብስክሌተኛ በገጠር ሲያልፍ ሊጠየቅ የሚገባው ስንት ኪሎ ሜትር ተጓዘ የሚለው ሳይሆን፣ የእርሱ ድካም የዚህችን ሠራተኛና የዚህችን እናት ድካም በስንት ቀነሰ የሚለው ነው።

ለዚህም ሦስት መመዘኛዎች አሉ።

የመጀመሪያው የገንዘቡ ሒሳብ ነው። ረጅም ጉዞ የአውሮፕላን፣ የአጃቢ መኪና፣ የምግብና የመድን ወጪ አለው። መቶ ብር የሰጠ ሰው ከመቶው ስንቱ ለታመመው፣ ስንቱ ለተጓዡ እንደዋለ የማወቅ መብት አለው። ከላይ የተጠቀሰው የማሳቹሴትስ ጉዞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ብስክሌተኞቹ ያሰባሰቡትን ገንዘብ በሙሉ ለካንሰሩ ተቋም ማስተላለፍ የቻለው ወጪውን ከመመዝገቢያ ክፍያና ከድርጅቶች ድጋፍ በመሸፈኑ ነው። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከገቢው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሒሳቡን ከመነሣቱ በፊት የማያሳውቅ ጉዞ፣ ጉዞ እንጂ በጎ አድራጎት ለመባል አይበቃም።

ሁለተኛው ከባለአገሩ ጋር ያለው ግንኙነት ነው። የኢትዮጵያ ባላገር መንገደኛን የእግዜር እንግዳ ብሎ የመቀበል የቆየ ልማድ አለው። ሆኖም የውጭ ብስክሌተኞች በጻፏቸው የጉዞ ማስታወሻዎች ውስጥ ሕፃናት ከመንገድ ዳር ገንዘብ እየጠየቁ እንደሚከተሏቸው፣ አንዳንዴም ድንጋይ እንደሚወረውሩባቸው ተደጋግሞ ይነሣል። ነገሩን በሕፃናቱ ክፋት ብቻ መተርጐም አይገባም። አንዱ መንገደኛ ከረሜላና እስክሪብቶ በትኖ ሲያልፍ፣ ተከትሎት የሚመጣው ባዶ እጁን ቢገኝ የሚጠብቀው ቅሬታ ነው። በአንጻሩ መምጣቱን ለቀበሌውና ለሽማግሌዎች ያስታወቀ፣ በትምህርት ቤቱ አርፎ የመጣበትን ጉዳይ ያስረዳ፣ ስጦታም ካለው በመምህሩ ወይም በጤና ሠራተኛዋ እጅ የሚሰጥ መንገደኛ እንደ እንግዳ ይታያል። ሰላምታ ሳይሰጡ በሰው ደጅ ማለፍ በገጠር ነውር መሆኑን ማወቅ ለተጓዡ ካርታ ከማንበብ አያንስም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ጉዞው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ሱናሚ የእስያን ጠረፎች ከመታ በኋላ የተቋቋመው ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ የተባለው ድርጅት በስሪላንካ ከ20,000 በላይ ብስክሌቶች አደለ። ቀጥሎም በዛምቢያ የኤች አይ ቪ ሕሙማንን በየቤታቸው ለሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ብስክሌት ሰጠ። ብስክሌቱ ለውድድር የተሠራ ሳይሆን 100 ኪሎ ግራም ጭነት የሚችል፣ ወፍራም የብረት አካል ያለውና ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ፍሬን የተገጠመለት ነው። በዚያው በዛምቢያ በተደረገ ጥናት ብስክሌት የተሰጣቸው የገጠር ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት መቅረታቸው ከሩብ በላይ ቀንሷል።

የሥራው ቁም ነገር ግን ብስክሌት ማደሉ ብቻ አይደለም፤ በየአካባቢው ጠጋኝ ማሠልጠኑና መለዋወጫ በገበያ እንዲገኝ ማድረጉ ነው። ከመነዳሪው ሲፈነዳ የሚጠግነው፣ ሰንሰለቱ ሲበጠስ የሚተካለት ያጣ ብስክሌት በጥቂት ወራት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ይቀራል። የመልክዓ ምድሩም ነገር አለ። ብስክሌት በባሕር ዳርና በሐዋሳ፣ በስምጥ ሸለቆው ሜዳም የለመደ መጓጓዣ ነው። በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ ግን በቅሎ ይበልጠዋል፤ እዚያ የተሰበሰበው ገንዘብ ለበቅሎ መግዣ፣ ለእናቶች ማቆያ ቤት ወይም ለአምቡላንስ ነዳጅ ቢውል ይሻላል። መርጃውን መምረጥ የሚገባው መንገዱን በየቀኑ የሚሄደው ሰው እንጂ አንድ ጊዜ የሚያልፈው አይደለም።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

እንዲህ ያለ ጉዞ በምትሠሩበት ወረዳ እንዲያልፍ ፈቃድና ትብብር ሲጠየቅ፣ የማኅበሩ አባል የሆነ ባለሙያ ዝም ብሎ ከማጨብጨብም ሆነ በሩን ከመዝጋት በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ሊያቀርብ ይገባዋል፤ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ስንቱ ለዚህ ሕዝብ ይደርሳል? የሚሰጠውን ነገር የመረጠው ማን ነው? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ከአንድ ዓመት በኋላስ ተመልሶ የሚጠይቅ አለ? መልሱ የተሟላ ከሆነ ለብስክሌተኞቹ ማረፊያ፣ ውኃና የሕክምና ዕርዳታ ማዘጋጀት የሙያ ግዴታ አካል ይሆናል። መልስ ከታጣ ግን እንግዳውን በክብር ሸኝቶ ወደ ዕለት ሥራ መመለስ ተገቢ ነው።