ሲበርድ የሚረጋው ዘይት
(በዶርዜ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ እንሰት አተካከል ወይም ስለ አፕል ችግኝ አይደለም፤ ከቆጮው ጋር ስለሚበላው ቅባት ነው። ቅባት ለሰውነት ኃይል ነውና የሚጠላ ነገር አይደለም። ነገር ግን ቅባት ሁሉ አንድ አይደለም።

ከገበያ የምትገዙትን የፓልም ዘይት በብርዳማ ጠዋት ልብ ብላችሁ እዩት። በጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ቅቤም እንዲሁ ይረጋል። የኑግ ዘይት ግን አይረጋም። ምክንያቱም ከቅቤና ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ሲሆን፣ በኑግ ዘይት ውስጥ ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም።

ይህ ማለት ግን ቅባቱ በጀሪካን እንደሚረጋ በደም ሥርም ይረጋል ማለት አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው በጉበት በኩል ነው። ጉበት ኮሌስትሮልን ከደም እየለቀመ ያጠራል፤ የሚረጋ ቅባት ሲበዛበት ግን መልቀሙን ይቀንሳል። የተረፈው ኮሌስትሮል በብዙ ዓመታት በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ተጠራቅሞ መንገዱን ያጠብባል። ወደ ልብ የሚሄደው ደም ከተቋረጠም ሰው በድንገት ይወድቃል።

በጀሪካን ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» የሚል ጽሑፍ ብታዩ አትታለሉ። ከዕፅዋት የሚገኝ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለውም ለማለት ይቻላል፤ የፓልም ዘይት ግን በደማችን ውስጥ ያለውን ይጨምራል። ስለዚህ ቅቤውን ሸጦ በዋጋው የፓልም ዘይት የገዛ ሰው ለልቡ ያተረፈው ብዙ ነገር የለም።

«ታዲያ ቅቤ እንተው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። የለም፣ አላልኩም። የመስቀል ቅቤ ለመስቀል ይሁን። ቆጮ ራሱ ቅባት የለውም ለማለት ስለሚቻል፣ ሕፃናትና የከሱ ሰዎች ቅባት ሊጎድልባቸው አይገባም። ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ዕድሜው የገፋ፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ወይም ሽሮ ሜዳ ሄዶ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሸማ የሚሠራ ነው።

ለዘወትር ወጥ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ተጠቀሙ። ዋጋው ከፍ ቢልባችሁ መጠኑን ቀንሱ። ተልባ ደጋ ይወዳልና ከጓሮ ዳር አንድ መደብ ዝሩ፤ ቆልታችሁና ወቅጣችሁ ለቆጮው ማባያ አድርጉት።

የልማት ሠራተኞች ሆይ! በየቤቱ ስትዞሩ የረጋውን ጀሪካንና ያልረጋውን ጠርሙስ ጎን ለጎን አሳዩ። ገበሬ በዓይኑ ያየውን አይረሳም።