የአጎታችን ኤንትሬ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ትንሽ የጭነት መኪና የልጆች መጫወቻ አይደለም። የአጎታችን መታሰቢያ ነው። ጥቂት ደቂቃ የለመንናችሁ ለምንና እንዴት እንደ ሠራነው ለመንገር፣ በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ነው።

አጎታችንን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዕድሜያቸውን የፈጁት መሪ ላይ ነው። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያው ገጠር ጤፍ፣ በቆሎና በርበሬ ጭነው አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያራግፋሉ፤ ሲመለሱ ጨው፣ ቆርቆሮና ማዳበሪያ ይዘው ይመጣሉ። ይህ የእንጀራ ሥራቸው ነበር።

ሌላው ሥራቸው ግን በደረሰኝ የተጻፈ አይደለም። ስልክ እንደ ዛሬው በየኪሱ ባልነበረበት ጊዜ፣ አንድ የአገራችን ሰው አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዶ ሲያርፍ፣ አስከሬኑን ወደ ወገኑ ማን ያመጣው ነበር? መኪና መኮናተር የሚችል ስንት ሰው ነበር? አጎታችን ከጭነታቸው ላይ ቦታ አስለቅቀው ሟቹን በሸራ ሸፍነው ያመጡ ነበር። ለዚህም አንድ ሣንቲም አልተቀበሉም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ አባቱ ወይም እናቱ በዚያ መኪና አገራቸው የገቡለት ሰው ዛሬም አለ።

ታዲያ እሳቸው ሲያርፉ እድራችን እንደ ደንቡ ሁሉን አደረገ። ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ ለቀስተኛው ተስተናገደ። ተዝካሩም ወጣ። ዓመት ሲደርስ ግን ተሰብስበን ስንመክር አንድ ነገር ቆረቆረን። ስማቸው በእድሩ መዝገብ አለ፤ ሥራቸው ግን የትም የለም። ከመኪናቸው ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ እንኳ አልተገኘም። መኪናውም ተቆራርጦ በብረት ዋጋ ከተሸጠ ቆይቷል። እንግዲህ በእጃችን እንሥራው አልን።

መቼም ሁሉም አልተስማማም። ከዘመዶቻችን አንዱ «የትልቅ ሰው ክብር በቆርቆሮ መኪና ሊገለጥ ነው ወይ?» ብለው ተቆጡ። ነገሩ እውነት አለው። በአገራችን ልጆች ከሽቦና ከዘይት ቆርቆሮ መኪና ይሠራሉ፤ ጎማውን ከአሮጌ ሸበጥ ይቆርጡለታል። እኛም ያደግነው እሱን እየነዳን ነው። ስለዚህ ቃል ገባን፤ በልክ ያልሆነ ነገር አንድም አናስገባም አልን። መጫወቻንና መታሰቢያን የሚለየው ልኩ ነው።

የአጎታችን መኪና ፊያት 682 ኤንትሬ ነው። የ682 ዘር በጣሊያን አገር የተሠራው ከ1952 እስከ 1988 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስድስት ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተሩ ከ10 ሊትር በላይ ነው። ሞተሩ ጋቢናው ሥር ስለሚቀመጥ አፍንጫ የለውም። ከፊቱ ግራና ቀኝ እንደ ጢም የተዘረጋ ጌጥ አለው።

ቡሬ አጠገብ የቆመ አንድ አሮጌ ኤንትሬ አገኘንና ባለቤቱን አስፈቅደን በሜትር ለካነው። ከእውነተኛው ሃያ እጅ እንዲያንስ ስለ ወሰንን፣ አንዱ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ወርዱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በእኛ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል መጣ። ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ 1 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው፤ በእኛ 5 ሳንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር። ጋቢናውን ከዘይት ቆርቆሮ፣ የጭነቱን ወለልና ስፖንዳውን ከዋንዛ፣ ጎማውን ከአሮጌ ከመነዳሪ ሠራነው። ባሌስትራውን ከቀጭን ብረት እያነባበርን ስናስር ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

አንድ ጎረቤታችን ሊያይ መጥቶ «መሪውን ለምን በቀኝ አደረጋችሁት?» ብሎ ጠየቀን። መልሱን የሰጡልን የአጎታችን የዱሮ ረዳት ናቸው። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንጃ የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ጣሊያኖች ግን አገራቸው በቀኝ የሚነዳ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ዘመን ብዙውን ከባድ መኪና መሪውን በቀኝ ያደርጉት ነበር። ምክንያቱም በተራራ መንገድ ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ በዓይኑ እንዲያይ ነው። ለመቅደም ሲሆን ደግሞ ግራውን አይቶ «እለፍ» የሚለው ረዳቱ ነው።

እኚህ ሰው ስለ ዓባይ በረሃ ሲነግሩን ሥራችንን አቁመን ሰማን። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ተወርዶ እንደገና ያን ያህል ይወጣል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ እነሱ ይሻገሩ የነበረው በአሮጌው ነው። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ይግልበትና ይከዳዋል። አጎታችን ገና ከላይ ከባድ ማርሽ አስገብተው፣ መኪናውን በሞተሩ እየያዙ ይወርዱ ነበር። ዳገቱ ላይ መኪናው ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ያስገባል። «ሟች ስንጭን ግን» አሉን ረዳቱ፣ «ጌታዬ ከወትሮው ቀስ ይሉ ነበር። ‹ይኼ ሰው ቸኩሎ አያውቅም፤ እኛም አንቸኩል› ይሉኝ ነበር።» ከኋላ ጎማ ሥር የምታዩት ትንሽ እንጨት ያ ታኮ ነው። እሱን የጠረቡት ረዳቱ ራሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ ጭነቱ ላይ ምን ይቀመጥ የሚለው አከራከረን። ግማሾቻችን ትንሽ የሬሳ ሣጥን ይሁን አልን፤ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በልኩ ነው። የአጎታችን ባለቤት ግን እንዲህ አሉ፦ «ሬሳ ጭነት አይደለም። እሱ ሒሳብ የተቀበለው ለጭነት ነው፤ ለሰው አልተቀበለም። ጤፉን ጫኑለት፣ ለሰው የሚሆን ቦታ ተዉለት።» እንዳሉት አደረግን። ከጆንያዎቹ ጎን ባዶ የሆነችውን ቦታ ቀርባችሁ እዩአት። ፊት ተቆጥተው የነበሩት ዘመዳችንም መጥተው አዩና፣ እዚያች ቦታ ላይ እጃቸውን አኑረው ብዙ ቆዩ። የወላጅ አባታቸው አስከሬን የመጣው በዚያ መኪና ነበር።

ጥያቄያችን ይህ ነው። መኪናዋ በቤታችን እንድትቀመጥ አንፈልግም። ድንኳኑና ድስቱ በሚቀመጥበት የእድሩ ቤት አንድ መደርደሪያ ይሰጣት። ከሥሯም ደብተር ይቀመጥ፤ በዚያ መኪና ዘመድ የመጣለት ሁሉ የዘመዱን ስምና የመጣበትን ዘመን ያስጽፍ። ለእድራችን ውለታ የሠሩት አጎታችን ብቻም አይደሉም፤ ቃሬዛ የጠረቡ፣ መቃብር የቆፈሩ፣ ሌሊት ጥሩምባ የነፉ አሉ። የእነሱም ሥራ የሚያውቃቸው ሰው በሕይወት ሳለ ተጠይቆ ይጻፍ። ረዳቱ ባይኖሩ ኖሮ እኛም መሪው በቀኝ የሆነበትን ምክንያት ሳናውቅ እንቀር ነበር።

የአጎታችንንና በመኪናቸው አገራቸው የገቡትን ሁሉ ነፍስ ይማር።